ስም ያለው ምግብ፦ የቅጽል አጠቃቀምና ሥዕላዊ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ተማሪዎች፣ ይህን ትምህርት ከፈጸማችሁ በኋላ፣

1. ቅጽል በስም ላይ የሚጨምረውን ፍች ለይታችሁ ታስረዳላችሁ፤
2. የቅጽልና የዘርፍ ቦታ ሲለዋወጥ የሐረጉ ትርጉም እንዴት እንደሚለወጥ በምሳሌ ታሳያላችሁ፤
3. በአካባቢያችሁ የሚመረተውን አንድ የምግብ ዓይነት የሚገልጽ ሥዕላዊ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።

1. እናቶቻችሁ ወደ ገበያ ወጥተው ቅቤ ወይም በርበሬ ሲገዙ ምን ምን ነገር ይመለከታሉ? ምን ብለውስ ይጠይቃሉ?
2. በምትኖሩበት ወረዳ ከሌላው አገር ምርት ተለይቶ በስሙ የሚታወቅ እህል፣ ፍራፍሬ ወይም ቅመም አለ? ካለ ስሙን ያገኘው ከምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

የምግብ መደብርና የምግብ ስም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብላ ጀውሃ ትገኛለች። አገሩ የይፋት ቆላ ነው፤ ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ ይበቅልበታል። መኪና በቆመ ቁጥር ሻጮች ወደ መስኮቱ ይጠጋሉ። መንገደኛውም እጁን ዘርግቶ ፍሬውን ይዳብሳል፤ ያሸታል፤ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። በዚህ ስፍራ ሻጩ ስለ ዕቃው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። የበቀለበት ማሳ ከመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ይታያልና።

መኪናው ወደ አዲስ አበባ ባቀና መጠን አገሩ ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከደብረ ሲና በላይ የሚገኘው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ጥቂት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከፓፓያው አገር ተነሥቶ ገብስና ባቄላ ወደሚዘራበት፣ ጦስኝ በየገደሉ አፋፍ ወደሚሸትበት ውርጫም አገር ይደርሳል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ሸኖ ሲዘልቅ ደግሞ በቅቤው ስሙ የተጠራውን አገር ያገኛል። እንግዲህ አንዱ መንገድ ብቻ ከአራትና ከአምስት የማያንሱ፣ መልካቸውም ጣዕማቸውም የተለያየ ምግቦችን ጭኖ ወደ ዋናው ከተማ ይገባል ማለት ነው።

ከተማው ውስጥ የሚገኘው ገዢ ግን ማሳውን አያይም። ገደሉንም፣ ላሟንም፣ ቀፎውንም አያይም። በዓይኑ የሚያየው በጆንያ፣ በቅልና በጠርሙስ የቀረበውን ብቻ ነው። ከማሳው ይልቅ የሚሰማው ስሙን ነው። «ይህ የሸኖ ቅቤ ነው» ሲባል ስሙ የመስኩን፣ የላሟንና የናጯን እናት ሙያ ተክቶ ይቆማል። በከተማ መደብር ውስጥ ስም ትልቅ ሥራ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ ምግብ ተለይቶ የሚሸጥባቸው ስፍራዎች ብዙ ናቸው። መርካቶ አሁን ያለበትን ስፍራ የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ገበያው ቀድሞ የነበረው በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። በመርካቶ ሸቀጦች በየዓይነታቸው በየ«ተራው» ይመደባሉ። በርበሬ ፈላጊ ወደ በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ ዛላውን ሰባብሮ ውስጡን ያያል፤ የማረቆ ነው ወይስ የሌላ አገር ብሎ ይጠይቃል። ቅቤና ማር ፈላጊ ደግሞ በእነዚህ ስሙ የታወቀውን የሾላ ገበያን ያስባል። በዚያ ቅቤው ለጋ፣ መካከለኛና በሳል እየተባለ፣ ማሩም ነጭና ቀይ እየተባለ ይለያል። ልብ በሉ፤ እያንዳንዱ ቅጽል የተለየ ዋጋ አለው።

ከገበያው ሌላ የባልትና መደብሮች አሉ። ባልትና የቤት ሙያ፣ ይልቁንም የምግብ አሰናድ ሙያ ማለት ነው። ቀድሞ እያንዳንዷ ባለሙያ በርበሬዋን በቤቷ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስጥታና ቅመም ቀላቅላ ታስፈጭ ነበር። በከተማ ግን ግቢ ጠበበ፤ ጊዜም አነሰ። የቤት ውስጡ ሙያ ወደ መደብር ወጣ። በመደብሩ መደርደሪያ ላይ ምጥን ሽሮና ነጭ ሽሮ፣ ድልህና አዋዜ፣ ሚጥሚጣና መከለሻ፣ በሶና ቆሎ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ኮሰረት በየከረጢቱ ተሰልፈው ይታያሉ። እንዲህ ያሉ መደብሮች ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የውጭ አገር ከተሞች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተንና በአካባቢው ጭምር ይገኛሉ። ከአገሩ የራቀ ሰው የሽሮ ከረጢት ሲከፍት የሚያሸተው ሽሮውን ብቻ አይደለም።

የተለየ ምግብ የሚሸጥ መደብር በሌላውም ዓለም የቆየ ነው። በለንደን ፎርትነም ኤንድ ሜሰን የተባለው መደብር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1707 ነው፤ በፓሪስ ፎሾን የተባለው ደግሞ በ1886 ሥራ ጀመረ። በአዲስ አበባም በፒያሳ አካባቢ ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና አርመኖች የከፈቷቸው ኬክ ቤቶችና የምግብ ሸቀጥ መደብሮች ነበሩ። ቶሞካ የተባለው ቡና ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው በዚሁ አካባቢ ነው። ስሙም ዘመናዊ የቡና መቁያ የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ሐረግ በምሕጻረ ቃል የተገኘ ነው።

ስም ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡላት ጠየቀች። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ከስሞቹ ጥቂቶቹን በመጀመሪያ አልተቀበላቸውም፤ ምክንያቱም ስሙ የቡናው ዓይነት የተለመደ መጠሪያ ሆኗል የሚል ነበር። ክርክሩ በአንድ በኩል የንግድ፣ በሌላ በኩል የሰዋስው ክርክር ነበር ማለት ይቻላል፤ «ሐረር» የአንድ አገር የተጸውኦ ስም ነው ወይስ ማንም ለማንም ቡና የሚለጥፈው ተራ ቅጽል? ስታርባክስ የተባለው ትልቅ የቡና ኩባንያ በጉዳዩ ከኢትዮጵያ ጋር ሲከራከር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2007 የስሞቹን ባለቤትነት የሚመለከት ስምምነት ተፈራረመ። ገበሬው ከቡናው ፍሬ ሌላ ስሙም ሀብቱ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ስም እንደሚያከብር ሁሉ ያታልላልም። ቅቤ ከሙዝና ከአትክልት ቅባት ጋር፣ ማር ከስኳር ጋር፣ የተፈጨ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ የተያዘበት ጊዜ አለ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ግን «ንጹሕ» የሚል ነው። ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀል በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። ሆኖም አዋጁ ከመድረሱ በፊት ሐሰቱ የሚጀምረው በአንድ ቅጽል ነው። እውነተኛውን ነጋዴ የሚጎዳውም ይኸው ነው። «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ሁሉም ሲጽፈው፣ በእውነት ንጹሕ የሆነውን የሚያቀርበው ሰው የሚለይበት ቃል ያጣል።

አሁን ወደ ጀውሃ እንመለስ። ይፋት ለንግድ እንግዳ አይደለም። አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዓመት የሲራራ ነጋዴዎች ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው በአፋር በረሃ እያቋረጡ የሚመጡበት ታላቅ ገበያ ነበር። ዛሬ ከቆላው የሚወጣው ማሾ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ነገር ግን ከሌላ ማሳ ማሾ ጋር በአንድ ጆንያ በተቀላቀለ ጊዜ የበቀለበት ቀበሌ ስም ከማሳው ዳር ይቀራል። ሸኖ ለቅቤው፣ ማረቆ ለበርበሬው፣ ሐረር ለቡናው ስም ሲሆኑ፣ የጀውሃው ማሾ ገና «ማሾ» ብቻ ነው። ስሙን ማን ይጽፍለት? ከሁሉ አስቀድሞ ማሾውን የሚያውቀው፣ መልኩንና ጣዕሙን በትክክለኛ ቃል መግለጥ የሚችለው ያገሩ ልጅ ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ባልትና — የቤት ሙያ፤ በተለይም የምግብ አሰናድ ሙያ።
ተራ — በገበያ ውስጥ አንድ ዓይነት ሸቀጥ ለብቻው የሚሸጥበት ስፍራ።
ዛላ — ደርቆ ያልተፈጨ የበርበሬ ፍሬ።
ለጋ — ገና ያልቆየ፣ አዲስ።
መከለሻ — ወጥ ሊወጣ ሲል የሚነሰነስ የተፈጨ የቅመም ድብልቅ።
ሲራራ — ሸቀጡን በጭነት ከብት ጭኖ ከአገር ወደ አገር የሚነግድ ነጋዴ፤ የንግዱ ጉዞ።
ባዕድ ነገር — ከምግቡ ተፈጥሮ ውጭ የሆነ፣ ሊቀላቀልበት የማይገባ ነገር።

መ. ሰዋስው፦ ቅጽልና ዘርፍ

1. ቅጽል ከስም በፊት እየገባ የስሙን መልክ፣ ጠባይ፣ መጠን ወይም ዓይነት የሚገልጽ ቃል ነው። «ነጭ ማር»፣ «ለጋ ቅቤ»፣ «ደረቅ በርበሬ» በሚሉት ሐረጎች ነጭ፣ ለጋ፣ ደረቅ የሚሉት ቃላት ቅጽሎች ናቸው።

ቅጽሎችን በሥራቸው በሁለት ከፍለን ማየት ይጠቅመናል። አንደኞቹ አስታዋቂ ቅጽሎች ናቸው፤ ነጭ፣ ለጋ፣ ድቡልቡል፣ ጎምዛዛ የሚሉትን የመሰሉ። እነዚህን የሚሰማ ሰው ዕቃውን ሳያይ በአሳቡ ሊሥለው ይችላል፤ ሐሰት ከሆኑም በዓይኑ ወይም በምላሱ ሊመረምራቸው ይችላል። ሁለተኞቹ ፈራጅ ቅጽሎች ናቸው፤ ምርጥ፣ ልዩ፣ ግሩም፣ ተወዳዳሪ የሌለው የሚሉትን የመሰሉ። እነዚህ የተናጋሪውን ስሜት እንጂ የዕቃውን ጠባይ አያስታውቁም። ፈራጅ ቅጽል ፈጽሞ አይጻፍ ማለት አይደለም። ነገር ግን አስታዋቂ ቅጽል ቀድሞ ማስረጃ ሆኖ ካልቆመለት፣ ምስክር እንደሌለው ዳኝነት ነው።

2. ዘርፍ «የ» በሚለው ፊደል ከሌላ ስም ጋር ተያይዞ ያን ስም የሚወስን ስም ነው። «የሸኖ ቅቤ» ባልን ጊዜ ሸኖ ዘርፍ፣ ቅቤ ባለዘርፍ ነው። ዘርፍ የተገኘበትን አገር (የሐረር ቡና)፣ የተሠራበትን ነገር (የማሽላ ቂጣ)፣ ወይም የሚያገለግልበትን ጉዳይ (የማር ዕቃ) ሊያመለክት ይችላል።

3. ቅጽልና ዘርፍ በአንድ ሐረግ ሲገናኙ የቅጽሉ ቦታ ትርጉሙን ይለውጠዋል። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ሀ. ንጹሕ የማር ዕቃ — ንጹሕ የተባለው ዕቃው ነው።
   የንጹሕ ማር ዕቃ — ንጹሕ የተባለው ማሩ ነው።

ለ. አዲስ የቅቤ ነጋዴ — አዲስ የተባለው ነጋዴው ነው።
   የአዲስ ቅቤ ነጋዴ — አዲስ የተባለው ቅቤው ነው።

ሐ. የሐረር ቡና — በሐረር የበቀለ ቡና ነው።
   የሐረር ዓይነት ቡና — ሐረርን የሚመስል ቡና ነው፤ በሐረር መብቀሉ አልተነገረም።

በሦስተኛው ምሳሌ የገባችው «ዓይነት» የተባለች ቃል ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ገዢው በገንዘቡ የከፈለበትን ነገር በሙሉ ትወስድበታለች። ስለዚህ ጽሑፍ ስታነቡ ትናንሾቹን ቃላት አትለፉ።

4. «የ» ያለበት ሐረግ እንደ ለ፣ በ፣ ከ ያለ መስተዋድድ ሲቀድመው «የ» ትወድቃለች። «ለየሸኖ ቅቤ» አይባልም፤ «ለሸኖ ቅቤ» ይባላል። ይህ የቋንቋው ሕግ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ አሻሚ ዐረፍተ ነገር ይፈጥራል። ለምሳሌ፣

ከጀውሃ ማሾ ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ ግዢው የተፈጸመው በጀውሃ ነው፤ ማሾው ግን የየትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ማሾው የጀውሃ ነው፤ የተገዛው ግን አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። አሻሚነቱን ለማስወገድ ዘርፉን ወደ ሙሉ ገላጭ ሐረግ እንለውጠዋለን።

በጀውሃ ከበቀለው ማሾ ሁለት ኪሎ ገዛሁ።
ጀውሃ ሄጄ ሁለት ኪሎ ማሾ ገዛሁ።

ሠ. ድርሰት፦ ሥዕላዊ ድርሰት

ሥዕላዊ ድርሰት አንድን ነገር፣ ስፍራ ወይም ሰው አንባቢው በዓይኑ እንዳየው፣ በእጁ እንደዳሰሰው አድርጎ የሚገልጽ የድርሰት ዓይነት ነው። ሠዓሊ በቀለም የሚሠራውን ጸሐፊ በቃል ይሠራዋል። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች በጥሞና አንብቡ። ሁለቱም የተጻፉት ስለ ማሾ ነው።

አንቀጽ አንድ

የእኛ አገር ማሾ እጅግ ምርጥ ነው። በዓለም ላይ እንደሱ ያለ ጣፋጭና ግሩም እህል አይገኝም። ያየው ሁሉ ይደነቃል፤ የበላው ሁሉ ይረካል። በጣም ልዩና ተወዳጅ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሊገዛው ይገባል።

አንቀጽ ሁለት

ማሾ ከአተር ያነሰ፣ ሞላላ፣ አረንጓዴ ፍሬ ነው። በአንድ ጎኑ እንደ ዓይን ያለች ትንሽ ነጭ ምልክት አለችው። ፍሬው ያለበት ቀጭን ቅርፊት ሲደርስ ይጠቁራል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይደርስ ለቃሚዎች ወደ አንዱ ማሳ ደጋግመው ይመለሳሉ። ጎንበስ ብለው የደረሰውን ብቻ በእጃቸው ሲለቅሙ ፀሐዩ በጀርባቸው ላይ ይበረታል። ሲቀቀል እንደ ባቄላ ብዙ እሳት አይፈጅም፤ ጣዕሙም ለስለስ ያለ፣ ጥቂት ጣፈጥ የሚል ነው።

አንደኛው አንቀጽ በፈራጅ ቅጽሎች የተሞላ ነው። «ማሾ» የሚለውን ቃል አውጥታችሁ «ማንጎ» ወይም «ጤፍ» ብታስገቡበት ምንም አይፈርስም። ለማንኛውም ነገር የሚሆን መግለጫ ደግሞ የማንም መግለጫ አይደለም። በሁለተኛው አንቀጽ ግን «ማሾ»ን አውጥታችሁ ሌላ እህል ልታስገቡ አትችሉም። አንድም ጊዜ «ምርጥ» አልተባለም፤ ሆኖም አንባቢው ለቃሚዎቹን አይቷል፤ ማሾውንም ለመቅመስ ፈልጓል። የሥዕላዊ ድርሰት መለኪያው ይህ ነው።

ሥዕላዊ ድርሰት ስትጽፉ የሚከተሉትን ደረጃዎች ጠብቁ።

1. ነገሩን በቅርብ ተመልከቱ። የሚቻል ከሆነ በእጃችሁ ያዙት፤ አሽቱት፤ ቅመሱት። የምታውቁትን እንጂ የሰማችሁትን ምስጋና አትጻፉ።
2. ያያችሁትን በአጭር በአጭሩ መዝግቡ፤ መልክ፣ ቅርጽ፣ መዓዛ፣ ጣዕም፣ አሠራር።
3. ቅደም ተከተል ምረጡለት። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከማሳ ወደ ማዕድ፣ ወይም ከገበያ ወደ መደብር ሊሆን ይችላል። የጀመራችሁትን ሥርዓት እስከ መጨረሻ ያዙ።
4. ያገራችሁን ትክክለኛ ቃል ፈልጉ። እናቶችና አባቶች ለአንድ እህል የየደረጃውን ስም ያውቃሉና ጠይቋቸው። የማታውቁትን ቃል ለማስመሰል አትጻፉ።
5. ከጨረሳችሁ በኋላ ፈራጅ ቅጽሎችን አስምሩባቸው። ማስረጃ የሌለውን ሰርዙ።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. የጀውሃው ሻጭ ስለ ዕቃው ብዙ የማይናገረው ለምንድን ነው? የከተማው ሻጭስ?
2. የባልትና ሥራ ከቤት ወደ መደብር የወጣው በምን ምክንያት ነው?
3. በቡና ስሞች ላይ የተነሣው ክርክር የሰዋስው ክርክርም ነበር የተባለው ለምንድን ነው?
4. «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ሁሉም ሲጽፈው የሚጎዳው ማን ነው? እንዴት?

መልመጃ ሁለት። በሚከተሉት ሐረጎች ውስጥ ቅጽሉ የሚገልጸው የትኛውን ስም እንደሆነ ጻፉ።

1. ትልቅ የበርበሬ ጆንያ
2. የትልቅ በርበሬ ጆንያ
3. ነባር የማር ቤት
4. የነባር ማር ቤት
5. ርካሽ የቡና መደብር
6. የርካሽ ቡና መደብር

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ትርጉም አላቸው። ሁለቱንም ትርጉሞች ካስረዳችሁ በኋላ አሻሚ ያልሆኑ ዐረፍተ ነገሮች አድርጋችሁ ጻፏቸው።

1. ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጥቂት አመጣልን።
2. እናቴ ከሸኖ ቅቤ አንድ ኪሎ ገዛች።

መልመጃ አራት። የሚከተለው በአንድ የባልትና ከረጢት ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው እንበል፤ «ምርጥ፣ ልዩና ተወዳዳሪ የሌለው የሐረር ዓይነት ቡና»። ገዢው ከዚህ ጽሑፍ በእርግጥ ያወቀውና ያላወቀው ምንድን ነው? ዘርዝሩ። ቀጥሎም ገዢ ሊያውቅ የሚገባውን የሚያስታውቅ አዲስ ጽሑፍ ከሁለት ዐረፍተ ነገር ባልበለጠ ጻፉ።

መልመጃ አምስት። በምትኖሩበት አካባቢ ከሚበቅለው ወይም ከሚዘጋጀው የምግብ ዓይነት አንዱን ምረጡ፤ ማሽላ፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ድልህ፣ ጦስኝ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። አገራችሁን አይቶ ለማያውቅ የከተማ ሰው የምትገልጹበት፣ ከሁለት መቶ ቃላት የማያንስ ሥዕላዊ ድርሰት ጻፉ። «ምርጥ»፣ «ልዩ» እና «ግሩም» የሚሉትን ቃላት እንዳትጠቀሙ። የበቀለበትን ወይም የተዘጋጀበትን ስፍራ ስም ግን መጻፍ እንዳትረሱ።

ሰ. ማጠቃለያ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የምግብን ስም ግን የሚያወጣውም የሚያቆየውም ሰው ነው። ሸኖ በቅቤው፣ ሐረር በቡናው ሊጠሩ የቻሉት መጀመሪያ ሥራው እውነተኛ ስለነበረ፣ ቀጥሎም ሰዎች ያን እውነት በትክክለኛ ቃል እየጠሩ ለሌላው ስላስተላለፉት ነው። ሥራው ሲበላሽ ስሙ ባዶ ከረጢት ይሆናል፤ ቃሉ ሲጎድል ደግሞ መልካሙ ሥራ ሳይታወቅ ይቀራል። ድርሰታችሁን ስትጽፉ፣ ማሾውን ጎንበስ ብላ ስትለቅም የዋለችውን ሴት አስቡ። ድካሟ እስከ ከተማው መደርደሪያ ድረስ ከነስሙ ይደርስ ዘንድ የእናንተ ቃል እውነተኛና ግልጽ መሆን አለበት።